የብስክሌት ጎማና የጂቡቲ መንገድ

ከብስክሌት አካላት ሁሉ መንገዱን የሚነካው ጎማው ብቻ ነው። የነጂው ክብደት፣ የተጫነው ዕቃ፣ የመንገዱ ጠጠርና ግለት ሁሉ የሚያርፈው እያንዳንዳቸው ከሰው መዳፍ በሚያንሱ ሁለት የጎማ ገጾች ላይ ነው። ይሁን እንጂ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ስለ ቀለሙ፣ ስለ መቀመጫውና ስለ ደወሉ ሲጠይቅ ይታያል እንጂ ስለ ጎማው ሲጠይቅ እምብዛም አይሰማም። ስለ ጎማው ማሰብ የሚጀምረው ጎማው ተንፍሶበት መንገድ ላይ የቀረ ዕለት ነው።

በጂቡቲ ከተማ መንገድ ላይ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። በሞቃቶቹ ወራት፣ በተለይም በሐምሌ፣ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ካምሲን የሚባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ እየነፈሰ አሸዋና አቧራ ያመጣል። ዛፍ ጥቂት፣ ጥላም ብርቅ በሆነበት አውራ ጎዳና ላይ የተነፈሰ ብስክሌት እየገፉ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር መጓዝ ሰውነትን ይጎዳል። በወደብ ወይም በግንባታ ቦታ በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ደግሞ ዘግይቶ ቢደርስ ቦታው በሌላ ተይዞ ሊያገኝ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ በጎማው ላይ የተፈጠረች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር የአንድ ቀን ደመወዝ ልታሳጣው ትችላለች።

በከተማዋ አብዛኛው ሰው የሚጓዘው በሚኒባስና በታክሲ ነው፤ ብስክሌት የሚነዳው ጥቂት ነው። ቢሆንም የከተማዋ አቀማመጥ ብስክሌትን የሚጋብዝ ነው። መሐል ከተማው ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ በማይል ሜዳ ላይ ተዘርግቷል። ብዙ ሠራተኛ የሚኖርባት ባልባላ ግን ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ፣ ከፍ ባለ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ትገኛለች። የሁለቱ መለያየት ታሪክ አለው። በ1966 እ.ኤ.አ. በከተማዋ ሁከት ከተነሣ በኋላ የፈረንሳይ አስተዳደር ሰው ከገጠር እንዳይገባ ለመከልከል ከተማዋን በእሾሃማ ሽቦ አጥር ከበባት። እንዳይገባ የተከለከለውም ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ሰፈረ፤ ባልባላም በዚህ ዓይነት አደገች። አገሪቱ ሰኔ 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ አጥሩ ቢነሣም መኖሪያና መሥሪያ ቦታ እንደተራራቁ ቀሩ። ስለሆነም የባልባላ ሠራተኛ ጠዋት ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ ሲመለስም ሽቅብ ይወጣል።

የጂቡቲ ከተማ የተቆረቆረችበት 1888 እ.ኤ.አ. በብስክሌት ታሪክም የሚታወስ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው በቤልፋስት ይኖር የነበረ ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም በነፋስ ለሚሞላ ጎማ የፈጠራ መብት አወጣ። ሐሳቡ የመጣለት ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲነዳ በመንገጫገጩ መሆኑ ይነገራል። ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ግን ለዚሁ ሐሳብ አስቀድሞ በ1845 መብት አውጥቶ ስለ ነበር የደንሎፕ መብት በኋላ ተሰርዟል። ነፋስ የሞላበት ጎማ ብስክሌቱን ለስላሳና ፈጣን አደረገው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት የማይታወቅ ችግርም አብሮ መጣ። ቀድሞ የነበረው ድፍን ጎማ ቢወጋም ምንም አይሆንም ነበር። የደንሎፕ ጎማ ደግሞ ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ የሚሠራ ስለ ነበር ሲበሳ መጠገኑ ብዙ ሰዓት ይወስድ ነበር። በፈረንሳይ አገር የሚሽሊን ወንድማማቾች ከቸርኬው በቀላሉ የሚወልቅና ተመልሶ የሚገጠም ጎማ በ1891 አቀረቡ። በዚያው ዓመት ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር ያሸነፈው ሻርል ቴሮን የተጠቀመው በዚህ ጎማ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ በአገልግሎት ላይ ያለው የብስክሌት ጎማ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ነፋሱን የሚይዘው የውስጥ ቱቦ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ከጣሊያንኛ በተወሰደ ስም ካላማዳሪ ይሉታል። ሁለተኛው መንገዱን የሚነካውና ቱቦውን የሚጠብቀው የውጩ ጎማ ነው። የውጩ ጎማ መሠረቱ ከክር የተሠራ ድርብ ጨርቅ ሲሆን በላዩ ላስቲክ ተለብጦበታል። በጨርቁና በላስቲኩ መካከል ወጊ ነገር እንዳያልፍ የሚከላከል መቀነት የተጨመረበት ጎማ አለ። «አይበሳም» ተብሎ የሚሸጠው ጎማ ይኸው ነው። ሆኖም ስሙ ከእውነቱ ይበልጣል፤ የማይበሳ የነፋስ ጎማ እስከ ዛሬ አልተሠራም። የሚለያየው ምን ያህል እንደሚቋቋምና ከሁሉ በላይ ምንን እንደሚቋቋም ነው። ሻጭ ብዙ ጊዜ የማይናገረው፣ ገዢም የማይጠይቀው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በጂቡቲ መንገድ ላይ ጎማ የሚወጉት ነገሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። እሾህ አንዱ ነው። በአምቡሊ ወንዝ ዳርና በከተማዋ ጠርዝ ከሚታዩት እሾሃማ ዛፎች መካከል የታወቀው በሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባለው ነው። የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ወደ አፍሪካ ቀንድ የመጣው በረሃማነትን ይከላከላል፣ ማገዶም ይሆናል በሚል ተስፋ ነበር። በኢትዮጵያ የአፋር ሕዝብ «ወያኔ» ብሎ የሚጠራው ዛፍ ይኸው ነው። ፍየልና ግመል ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ስለሚበትኑት ብዙ የግጦሽ መሬት ወርሷል። እሾሁ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ ሲደርቅም እንደ ምስማር ይጠነክራል። ቅርንጫፉ ለማገዶና ለአጥር ሲጓጓዝ እሾሁ በየመንገዱ ይረግፋል። ጎርፍም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ቢሆንም በአንድ ቀን ሲወርድ አምቡሊ በድንገት ይሞላል። በ2004 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የደረሱት ጎርፎች የሰው ሕይወት አጥፍተዋል። እንዲህ ያለው ጎርፍ ሲጎድል ጠጠሩን፣ ጠርሙሱንና እሾሃማውን ቅርንጫፍ በየጎዳናው ትቶት ይሄዳል።

ሁለተኛው ወጊ ነገር ሽቦ ነው። ይህ ከእሾህ ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህች ከተማ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው እርሱ ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው ክፍል የሚያልፈው በጂቡቲ ወደቦች በኩል ነው። ከአዲስ አበባ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ከባድ መኪና የመጨረሻውን ጉዞ የሚያደርገው በዚችው ከተማ ዳርቻ ነው። ሾፌሮች ሁሉ የሚያውቁት ፒኬ 12 የተባለው ሠፈር በዚሁ መስመር ላይ ይገኛል። የዘመኑ ከባድ መኪና ጎማ በውስጡ የብረት ሽቦ መረብ አለው። ጎማው በጭነትና በሙቀት ብዛት ሲፈነዳ የተበጣጠሰው ላስቲክ በመንገዱ ጠርዝ ይቀራል። ላስቲኩ እየደቀቀ በሄደ መጠን ከፀጉር እምብዛም የማይወፍሩ፣ ርዝመታቸውም ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ክሮች ይረግፋሉ። በዓይን አይታዩም፤ ብስክሌተኛው የሚጓዘው ደግሞ በዚያው በመንገዱ ጠርዝ ነው።

የጠርሙስ ስባሪና ስለታም ጠጠር ሦስተኛው ወጊ ነገር ነው። ይህ እንደ ሽቦው ቀጥ ብሎ አይወጋም፤ እየቆረጠ ይገባል እንጂ። ላስቲክ ሲረጥብ በቀላሉ ስለሚቆረጥ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ጠርሙስ የሚያደርሰው ጉዳት ከወትሮው ይጨምራል።

ወጊዎቹ የተለያዩ እንደ ሆኑ ሁሉ መቀነቶቹም የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ዓይነት ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተሸመነ ነው። ከእነዚህ ክሮች የታወቀው ኬቭላር ሲሆን በ1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የዱፖንት ኩባንያ ስቴፋኒ ክዎሌክ በተባለች ኬሚስት ምርምር የተገኘ ነው፤ ጥይት በሚከላከል ሰደርያ ውስጥም ያገለግላል። እንዲህ ያለው መቀነት ቀጭንና ቀላል ነው፤ ጠርሙስ ሲቆርጠው እሺ አይልም። ነገር ግን ሽመና ስለ ሆነ በክሮቹ መካከል ክፍተት አለው። ቀጭን ሽቦና ሹል እሾህ ክሩን ሳይበጥስ በመካከሉ ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ጥይት የሚያስቆም ጨርቅ ለመርፌ መሸነፉ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለተኛው ዓይነት መቀነት ወፍራም ላስቲክ ነው። ለምሳሌ ሽቫልበ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ማራቶን ፕላስ ብሎ በሚሸጠው ጎማ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ይገኛል። የዚህ አሠራር ጥበብ ያለበት አይመስልም። ሽቦው ይገባል፤ ነገር ግን ርዝመቱ ከላስቲኩ ውፍረት ስለሚያንስ ከቱቦው ሳይደርስ ይቀራል።

ከዚህም የተነሣ ምርጫው ግልጽ ይሆናል። ጠርሙስ በሚበዛበት፣ ነገር ግን ከባድ መኪና በማያልፍበት የመሐል ከተማ መንገድ ለሚመላለስ ሰው በክር የተሸመነው መቀነት ይበቃዋል። በባልባላና በፒኬ 12 አቅጣጫ በአውራ ጎዳናው ጠርዝ ለሚመላለስ ግን ወፍራሙ ላስቲክ ይሻለዋል። አምስት ሴንቲ ሜትር የሚረዝመውን እሾህ ቀጥ ብሎ ቢቆም የትኛውም መቀነት አያግደውም። ደግነቱ አብዛኛው የረገፈ እሾህ ጎኑን ይዞ ይተኛል ወይም ጫፉ ብቻ ተሰብሮ ይገባል።

የወፍራሙ ጎማ ጥቅም ያለ ዋጋ አይገኝም። ተራው የከተማ ጎማ ግማሽ ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ወፍራም መቀነት የተጨመረበት ጎማ ወደ 900 ግራም ይመዝናል። ከክብደቱ በላይ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር መሬቱን የሚነካው ክፍል ይታጠፋል፤ ከዚያም ይዘረጋል። ላስቲኩ በወፈረ መጠን በዚህ መታጠፍና መዘርጋት የሚባክነው ጉልበት ይበዛል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ዳገታማ ከተማ ለሚነዳ ሰው ይህ ዋጋ ከባድ ሊሆንበት ይችላል። በጣና ዳር በተዘረጋችው፣ ብስክሌት በሚበዛባት በባሕር ዳር ሜዳማ መንገድ ለሚነዳ ደግሞ እምብዛም አይሰማውም። የባልባላው ሠራተኛ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ አቀበቱ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይዘገይ ይሆናል። ጠዋት ግን ቁልቁለቱን ሲወርድ የጎማው ክብደት አያስጨንቀውም፤ በሰዓቱ መድረስ ያለበትም ጠዋት ነው።

ሁለቱንም ጎማ በአንድ ጊዜ ለመለወጥ ገንዘብ ያልበቃው ሰው ጠንካራውን ለኋላው መንኰራኩር ቢያደርገው ይሻላል። የነጂው ክብደት የሚበዛው ወደ ኋላ ነው። በተጨማሪም የፊተኛው ጎማ የተኛውን ሽቦ ወይም እሾህ ገልብጦ ያቆመውና ለኋለኛው ያዘጋጅለታል።

ሌላው በገበያ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር የጎማ ልክ ነው። በጎማው ጎን ላይ እንደ 37-622 ያለ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያው የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ክብ ውስጣዊ ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታል። «ባለ 28» መባሉ ብቻውን አያስተማምንም። የድሮው ዓይነት ከባድ የቻይናና የሕንድ ብስክሌት ባለ 28 ሲባል ቁጥሩ 635 ነው፤ በዘመኑ ብስክሌት ላይ ግን ባለ 28 የሚባለው 622 ነው። ልዩነቱ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሆኖም አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት በአሮጌው ጎማ ላይ ያለውን ቁጥር ጽፎ መያዝ ይገባል።

ሙቀትም በጎማ ላይ የራሱ ሥራ አለው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። አንድ ሰው ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነበት ማለዳ ጎማውን እስከ 4 ባር ሞላው እንበል። ብስክሌቱን ፀሐይ ላይ አቁሞት የጎማው ሙቀት 60 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ወደ 4.6 ባር ከፍ ይላል። ይህ ጭማሪ ብቻውን ደኅነኛ ጎማ አያፈነዳም። በጎኑ ከተጻፈው የመጨረሻ ልክ ድረስ ለተሞላ ወይም ለአረጀ ጎማ ግን አደገኛ ነው። ይልቁንም ፀሐይ ላስቲኩን እያደረቀች ጎኑን ትሰነጥቀዋለች፤ መቀነቱ ደግሞ የሚጠብቀው ከመሬት ጋር የሚገናኘውን ገጽ እንጂ ጎኑን አይደለም። ስለሆነም በጂቡቲ ብስክሌትን በጥላ ማቆም ጎማ ከመምረጥ ያላነሰ ጥቅም አለው። በሌላ በኩል ግፊት እንዳይበዛ ፈርቶ ጎማውን አጉድሎ መንዳትም አይረዳም። የጎደለ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ቱቦው በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ይቆነጠጥና ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ይወጡበታል። በብዙ አገር ብስክሌተኞች ይህን «የእባብ ንክሻ» ይሉታል። ከዚህ አደጋ የትኛውም መቀነት አያድንም፤ የሚያድነው በየሳምንቱ ግፊቱን እያዩ መሙላት ነው።

ገንዘብ ለአዲስ ጎማ የማይበቃው ሰው ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። አንዳንዱ ያረጀ ጎማ ጠርዙን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን በአዲሱ ጎማና በካላማዳሪው መካከል ያነጥፈዋል። ይህ ይሠራል፤ ነገር ግን የተቆረጠው ጫፍ ሹል ከሆነ ራሱ ቱቦውን እየፋቀ ይበሳዋል። ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ማሳሳት ያስፈልጋል። በቱቦው ውስጥ የሚጨመር፣ ቀዳዳ ሲፈጠር ወጥቶ የሚደፍን ፈሳሽም አለ። ከረጅም እሾህ የሚያድነው ይህ ሲሆን በሙቅ አገር ቶሎ ስለሚደርቅ በየጥቂት ወሩ መጨመር አለበት። ነፋስ የሌለበት ድፍን ጎማም በገበያ አለ። እርሱ ከመበሳት ያድናል፤ ነገር ግን የመንገዱን ንቅናቄ በሙሉ ለነጂውና ለመንኰራኩሩ ሽቦዎች ያስተላልፋል። ዓለም ከ1888 በፊት ወደ ነበረበት መንገጫገጭ መመለስ ነውና ለዕለት ተዕለት ረጅም ጉዞ የሚመከር አይደለም።

ጥሩ ጎማ የገዛ ሰውም ቢሆን ጎማውን ማየት መተው የለበትም። 37-622 የሆነ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 460 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። የጠርሙስ ስባሪ ወይም ሽቦ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዙር አያልፍም፤ በላስቲኩ ላይ ይሰካና በእያንዳንዱ ዙር መሬቱ እንደ መዶሻ እየመታ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ማታ ብስክሌቱን ገልብጦ መንኰራኩሩን በቀስታ እያዞሩ የተሰካውን ሁሉ በመርፌ ወይም በቢላዋ ጫፍ ማውጣት ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። በዚህ ሁለት ደቂቃ የሚወጣው ስባሪ በማግስቱ ጠዋት ጎማ የሚያስተነፍሰው ነበር።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ጎማው የተበሳ እንደ ሆነ ጥገናው ሥርዓት አለው። ብዙ ጎሚስታዎች ካላማዳሪውን በጥቂቱ ነፍተው በውኃ ሳህን ውስጥ ያዞሩታል፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቦታው ከደረቀ በኋላ በአሸዋ ወረቀት ይፋቃል፤ ከዚያም ማስቲሽ ይቀባል። ልጥፉ የሚደረገው ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ሳይሆን ደርቆ በጣት ሲነኩት የማይጣበቅ ሲሆን ነው። በችኮላ የተለጠፈ ልጥፍ በሙቀት ይላቀቃል፤ በጂቡቲም ከሌላው አገር ይልቅ ቶሎ ይላቀቃል።

ከሁሉ በላይ ተዘንግቶ የሚቀረው ግን የወጋውን ነገር መፈለግ ነው። ቱቦው ተለጥፎ ሽቦው በጎማው ውስጥ ከቀረ ሌላ ቀዳዳ መፈጠሩ አይቀርም። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሊበሳበትና ጎማውን ሊያማ ይችላል። ልምድ ያለው ጠጋኝ ጎማውን ሲገጥም በጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከነፋስ ማስገቢያው ትይዩ ያደርገዋል። ቱቦው ሲበሳ ከነፋስ ማስገቢያው እስከ ቀዳዳው ያለውን ርቀት በስንዝር ይለካና ያንኑ ያህል ከጽሑፉ ግራና ቀኝ በጎማው ላይ ይፈልጋል። ሽቦውን ዓይን ባያገኘውም ከውስጥ በኩል በጨርቅ ሲዳሰስ ጨርቁን ይይዘዋል። ባዶ ጣት ግን ማስገባት አይገባም።